ዕረፍቱ ላይ

ሰሞኑን ዝናቡ አላባራ ብሎ ሆዴን ባር ባር ይለዋል። ስለ ስፕሪንት (ባለ በሌለ ኃይል ስለሚሮጥ አጭር ሩጫ) ልምምድ ስናወራ አንዲት ልጅ «30 ሰከንድ ሮጦ 4 ደቂቃ ማረፍ ምን የሚሉት ስፖርት ነው?» ያለችውም ከአእምሮዬ አልወጣም።

ስፖርቱ ያለው እኮ ዕረፍቱ ላይ ነው። ባለ በሌለ ኃይል ሲሮጥ ጡንቻ መጀመሪያ የሚጠቀመው ያጠራቀመውን ክሬቲን ፎስፌት የሚባል ፈጣን ኃይል ሰጪ ውህድ ነው። እሱ በጥቂት ሰከንዶች ይመናመናል፣ ተመልሶ ለመሙላት ግን ደቂቃዎች ይፈልጋል። ዕረፍቷን ወደ 1 ደቂቃ ያሳጠረች ልጅ ሦስተኛው ዙር ላይ ሶምሶማ እየሮጠች ነው። ላብ አለ፣ ድካም አለ፣ ስፕሪንቱ ግን የለም። በ2005 እ.ኤ.አ. ካናዳ፣ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የተሞከረው ይኸው ነው፦ ብስክሌት ላይ 30 ሰከንድ፣ ዕረፍት 4 ደቂቃ፣ በ2 ሳምንት 6 ልምምድ ብቻ። ተሳታፊዎቹ ቀድሞ 26 ደቂቃ ገደማ የቻሉትን የብስክሌት ጫና በኋላ 51 ደቂቃ ያህል ቻሉት።

ለጀማሪ 3 ዙር ይበቃል፤ በሳምንታት ውስጥ ወደ 6 ይደርሳል። በሳምንት 3 ቀን፣ መሃሉን ቀን እየዘለሉ። ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊት 10 ደቂቃ ሶምሶማ፣ ቀጥሎ ፍጥነት እየጨመሩ ሦስት አጫጭር ሩጫ። ይህ ከተዘለለ የጭን ጀርባ ጡንቻ ሊሸመቅቅ ይችላል። እዚህ ጅማ ወደ ጅሬን እንደሚወጣው ያለ ዳገት ከሜዳ ይሻላል፤ እርምጃው ስለሚያጥር ያ ጡንቻ ብዙ አይለጠጥም። ሲያርፉ መራመድ እንጂ ዘጭ ብሎ መቀመጥ የለም፤ ደሙ እግር ላይ ይቀርና ራስ ያዞራል።

ዙር በጨመረች ቁጥር ወደኋላ የምትቀር ልጅ ካለች ደግሞ የደሟ ብረት ይመርመር። የወር አበባዋ የሚበዛባት ሴት ብረት ታጣለች፣ እኛ ጅማዎች ደግሞ ከምሳ እጃችንን ሳንታጠብ ቡናው ይቀርባል። ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጣ ከምግቡ ወደ ሰውነት የሚገባውን ብረት ይቀንሳል። ቆየት ቢል ምን አለበት?

ግን የልጅቷ ጥያቄ የጡንቻ ብቻ አይመስለኝም። ወንድ ልጅ ወገቡን ይዞ ሲንጎራደድ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ሴት ልጅ ግን እየሮጠች እስካለች ታልፋለች፤ ቆም ስትል ነው ለከፋው የሚጀምረው። ለዚህ ነው ዕረፍቷን የምታሳጥረው። ጎህ ሳይቀድ ትውጣ እንዳልል ጨለማው ያሳስበኛል፤ ከሰዓት በኋላ እንዳልል ሜዳውን ኳስ ተጫዋቾቹ ይይዙታል። ታዲያ በስንት ሰዓት ትውጣ?