ብሩስን ፍለጋ ሄይ ኦን ዋይ

ሄይ ኦን ዋይ ባቡር አይደርስም። ከለንደን ፓዲንግተን ሄርፎርድ ድረስ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ሌላ አንድ ሰዓት። እንግሊዝና ዌልስ ድንበር ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ስትሆን፣ ያቆማት የአሮጌ መጻሕፍት ንግድ ነው። ንግዱን የጀመረው ሪቻርድ ቡዝ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 1977 ራሱን የሄይ ንጉሥ ብሎ አውጇል፤ የምሩን ይሁን የቀልዱን ከቀኑ መገመት ነው። ያደርኩበት ክፍል ማሞቂያው ስለማይሠራ ካፖርቴን ደርቤ ነው የተኛሁት።

የመጣሁት ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ የአባይን ምንጭ ፍለጋ ኢትዮጵያ የሄደበትን ጉዞ የጻፈበትን መጽሐፍ ለመፈለግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1790 ኤዲንብራ የታተመውን የመጀመሪያ እትም። አምስት ጥራዝ ነው፣ በትልቁ የኳርቶ መጠን። በዚያው ሰሞን ደብሊንም ታትሟል፤ ያኛው ስድስት ጥራዝ ሆኖ አነስ ባለው ኦክታቮ። የብሪታንያ የቅጂ መብት ያኔ አየርላንድን ስለማይነካ የደብሊን አታሚዎች ፈቃድ ሳይጠይቁ ያትሙ ነበር። «1790» የሚለውን ብቻ አይቶ የሚከፍል ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጥራዙን መቁጠር፣ ቀጥሎ ርዕስ ገጹ ግርጌ ላይ የከተማውን ስም ማንበብ።

ጠዋት የገባሁበት ሱቅ አምስቱም ጥራዝ ነበረው፤ ከተማውም ኤዲንብራ። ባለቤቱ «ሙሉ ነው» ብሎ 1,400 ፓውንድ ጠራ። ሙሉ ከሆነ ሦስት ትልልቅ ተጣጣፊ ካርታዎች ሊኖሩት ይገባል። ያገኘሁት ሁለት ነው። የሦስተኛው ቦታ ላይ ስፌቱ ውስጥ ጣት የማትሞላ የወረቀት ቅሪት ቀርታለች፤ ጠርዟ ቀጥ ያለ፣ በምላጭ የተቆረጠ። አምስተኛውን ጥራዝ ስገልጥ ደግሞ የባሰ ሆነ። የዕፅዋትና የእንስሳት ሥዕሎቹ ያሉት እዚያ ነው፤ ኮሶው፣ ቁልቋሉ፣ እንሰቱ። ከመዳብ ሰሌዳ የታተመ ሥዕል ቀለሙን ፊት ለፊቱ ባለው ገጽ ላይ እንደ ጥላ ያሳርፋል። እንሰቱ የለም፤ ጥላው ግን ቁጭ ብሏል። ለብቻው ፍሬም ገብቶ አንዱ ሳሎን ውስጥ ይሆናል። ሰውየው 200 ፓውንድ ልቀንስልህ አለኝ፤ ተውኩት።

ከሰዓት በኋላ ጠባብ መንገድ ውስጥ ያገኘኋቸው አሮጊት ባለሱቅ ግን ለዚያ ሁሉ ብርድ ካሳ ነበሩ። የራሳቸውን የአምስት ጥራዝ ስብስብ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አቁመው ሦስተኛው በትንሹ እንደሚያጥር አሳዩኝ፤ ከሌላ ስብስብ መጥቶ ነው የተቀላቀለው። የብል ቀዳዳም ይናገራል፦ ገጾቹ ተበስተው ሽፋኑ ካልተበሳ፣ ሽፋኑ ኋላ የመጣ ነው። ወረቀቱን ወደ መስኮት አነሱት፤ በእጅ የተሠራ ስለሆነ የወንፊቱ መስመሮች ብርሃን ላይ ጎልተው ይታያሉ። ጥግ ይዘው ነቅነቅ ሲያደርጉት ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። ቡናማ ነጠብጣብ ለማስለቀቅ በኬሚካል የታጠበ ወረቀት እንዲህ አይጮህም፤ ልፍስፍስ ይላል። ቆዳው እጅ ላይ ቀይ ዱቄት ከተወም መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው፤ ዘይት የሚቀቡት ሰዎች ያጠቁሩታል እንጂ አያድኑትም።

እሳቸው ጋ ተራርፎ የተቀመጠ አንድ ብቸኛ አምስተኛ ጥራዝ ነበር። ካርታ የለውም፣ ጀርባው ተላቋል፣ ሥዕሎቹ ግን ከነእንሰቱ አሉ። 180 ፓውንድ ከፈልኩ። ለመጠቅለል ጋዜጣ አልነኩም፣ ቀለሙ ይዛመታል፤ አሲድ በሌለው ወረቀት ጠቅልለው ግራና ቀኙን በካርቶን አጸኑት። ላስቲክ አላሰሩበትም፤ ጠርዙን ይቆርጠዋል።

አውቶቡሱ ዘገየ። ዝናብ ስለጀመረ ካፖርቴን ለመጽሐፉ አለበስኩት።