ጉንፋን ያዘኝ ወይስ ያዝኩት?

ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ጣና ዳር ትንሽ አረፍ ልበል ብዬ የግንቦት ዝናብ ያዘኝ። ዣንጥላ አልያዝኩም። በማግሥቱ ጉንፋን ያዘኝ። ቅዳሜን አልጋ ይዤ ዋልኩ። እነዚህን አራት ዓረፍተ ነገሮች መልሼ ሳነባቸው ሳቄ መጣ፤ አራቱንም የተሸከመው አንድ ግሥ ነው።

ነገሩን ያስጀመረችው ግን የእህቴ ልጅ ናት። ሰባተኛ ክፍል ናት። የእንግሊዝኛ ደብተሯን ይዛ (ይኸው ደግሞ!) አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። የ«ካች»ን (የእኛው «ያዘ» መሆኑ ነው) ኃላፊ ጊዜ «ካችድ» ብላ ጽፋ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞባታል። ትክክሉ «ኮት» ነው አልኳት። «የሚለበሰው?» አለችኝ። ምሳሌ እንዲሆናት በእንግሊዝኛ «ጉንፋን ያዝኩ» የሚል ዓረፍተ ነገር ጻፍኩላት። አነበበችውና ቀና ብላ አየችኝ።

«አክስቴ፣ አንቺ ነሽ እንዴ የያዝሽው? እሱ አይደል የያዘሽ?»

አፍንጫዬን ጠረግሁ እንጂ መልስ አልነበረኝም። እሷ ከተኛች በኋላ መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ አመሸሁ።

«ካች» ለካ እንግሊዝ አገር የተወለደ ቃል አይደለም። ከፈረንሳይ የተሻገሩት ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ከሰሜን ፈረንሳይ ዘዬ የገባ ነው፤ ወደ 1200 ገደማ በጽሑፍ ይገኛል። መጀመሪያ ሲገባ ትርጉሙ መያዝ ሳይሆን ማሳደድ ነበር። ሥሩ ላቲን ነው፦ «ካፔሬ» ያዘ ማለት ሲሆን፣ ከእሱ የወጣው «ካፕታሬ» ለመያዝ መሞከርን፣ ማደንን ይናገራል። ይኸው ቃል በፓሪስ አካባቢ አነጋገር ሌላ መልክ ይዞ «ቼዝ» ሆኖ እንግሊዝኛ ገባ። አንዱ ቃል በሁለት በር ገብቶ፣ ሁለቱ ሥራ ተከፋፈሉ፤ አንዱ ያሳድዳል፣ አንዱ ይይዛል።

ደስ ያለኝ ደግሞ «ካችፖል» የሚባለው የድሮ ሹመኛ ነው። የቃሉ ፍች «ዶሮ አሳዳጅ» ነው። ሰውየው ግብር ሰብሳቢ ነበር፤ ኋላም ባለዕዳ የሚያስር ሆነ። ዶሮዋን የሚያባርር ሹም ማሰብ ለእኛ አገር ሰው ብዙም አይከብድም።

«ኮት»ም ቢሆን ተበድሮ የለበሰው ነው። የጥንት እንግሊዞች ለመያዝ «ላች» የሚል የራሳቸው ግሥ ነበራቸው፤ ኃላፊ ጊዜው «ላውት» ዓይነት ነበር። መጤው «ካች» የባለቤቱን እርባታ ወረሰ። «ላች» ዛሬ የበር መቀርቀሪያ ሆኖ ቀርቷል። «ካችድ»ም ቢሆን ለብዙ ዘመን ከ«ኮት» ጎን ለጎን ሲጻፍ ኖሯል፤ ስለዚህ ልጅቷ የተሳሳተችው ዘመኑን ብቻ ነው። ይህን ለመምህሯ እንዳትነግር አስጠነቅቃታለሁ።

የእኛው «ያዘ» የግዕዙ «አኀዘ» ዘመድ ነው፤ ዓረቦች «አኸዘ» ይሉታል፣ ዕብራውያንም «አሐዝ»። በግዕዝ «አኀዘ» ጀመረ ማለትም ይሆናል። ይህን እያነበብኩ እናቴ ደወለች፤ «የሰኔ ጾም መቼ ነው የሚያዘው?» ስትል ደነገጥኩ። ጾም ይያዛል፣ ጾም ይፈታል እንላለን። ያ የድሮው «ጀመረ» እናቴ ስልክ ውስጥ ቁጭ ብሎ ኖሯል።

ወደ ጉንፋኑ ልመለስ። አንድ ማለዳ ዳር ላይ ታንኳቸውን ከውኃ የሚያወጡ ዓሣ አጥማጆች አግኝቼ፣ «አባባ፣ ዛሬ ምን ያዛችሁ?» አልኩ። ቆሮሶ ወይ አምባዛ ይሉኛል ብዬ ነው።

ትልቁ ሰውዬ መረቡን እያራገፉ፣ «ምን እንይዛለን ልጄ፣ ብርድ ያዘን እንጂ» አሉኝ።

መረቡ ላይ የተንጠለጠለው እምቦጭ ነበር።

ይህን ቀልድ ወደ እንግሊዝኛ ላዞረው ሞከርኩ። እዚያ ዓሣውንም ብርዱንም የሚይዘው ሰውዬው ነው፤ እጁ ባዶ ሆኖም እንኳ ያዥ እሱ ነው። በእኛ ግን ገና ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ያዡ ተያዘ። ብርድ፣ ሳል፣ ጭንቅ፣ ወባ፣ ዝናብ ሁሉ እኛን ይይዙናል። ሁልጊዜም አይደለም፤ ጭራሮ እሳት ይይዛል፣ እዚህ ላይ ከእንግሊዞች ጋር ተስማምተናል፤ ታክሲም እኛው ነን የምንይዘው። ሕመምና ሰማይ ላይ ስንደርስ ግን እጃችንን እንሰጣለን። ሐኪም ፊት ቀርቤ በእንግሊዝኛ «ጉንፋን ያዝኩ» ብል አንዳች ጥፋት ያጠፋሁ፣ ሄጄ ያመጣሁት ይመስለኛል። በአማርኛ ስናገር ግን ተበዳይ ነኝ፤ እውነቱን ለመናገር፣ ሲያመኝ ተበዳይ መሆን እመርጣለሁ።

ዛሬ እሑድ ከእህቴ ጋር ዘጌ ልንሻገር ነበር። ትኩሳቴ እስኪበርድ ስል ጀልባው አመለጠኝ። ልጅቷ ሰማችኝና ዓይኗ በራ።

«አክስቴ፣ ጀልባው ነው ወይስ አንቺ ነሽ ያመለጥሽው? በእንግሊዝኛ በይልኝ።»

መሐረቤን ፈለግሁ።