ዝም ብሎ የሚጻፍ ቀን

ትኬት ቢሮ የሠራ ሰው ይህቺን ያውቃታል። ደንበኛው «ዋን ዌይ ስንት ነው?» ይላል። ትነግረዋለህ። «ደርሶ መልሱስ?» ይላል፣ ለወሬ ያህል። ደርሶ መልሱ ያንሳል። ሰውየው መጀመሪያ አንተን፣ ከዚያ ስክሪኑን፣ ከዚያ እንደገና አንተን ያያል። በአንዴ ሌባ ሆነህ ቁጭ ትላለህ።

ሌብነት አይደለም። ረጅም በረራ ላይ ትልልቆቹ አየር መንገዶች ብዙ ጊዜ ርካሹን ዋጋ የሚያወጡት ሄዶ ለሚመለስ ሰው ነው። ለሽርሽር የሚሄድ ሰው ያማርጣል፣ ከተወደደበትም ይቀራል። ዋን ዌይ የሚጠይቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ መሄድ ግድ የሆነበት ነው፣ ግድ የሆነበት ደግሞ ይከፍላል። እያንዳንዱን በረራ ለየብቻ የሚሸጡት ርካሾቹ አየር መንገዶች ጋ ይህ ጣጣ የለም።

ስለዚህ ጠቅልሎ ለሚሄድ ሰው የታወቀች ዘዴ አለች። ደርሶ መልስ ትቆርጥለታለህ፣ የመመለሻውን ቀን እንደመጣልህ ትጽፋለህ፣ እሱም ይሄድና ይቀራል። መሄጃውን ቢተወው መመለሻውም አብሮ ይሰረዝበታል። መመለሻውን ቢተወው ግን ከኋላ የሚሰረዝ ነገር የለም። ያስተማረኝ በሥራው የሚቀድመኝ ባልደረባዬ ነው። «ዝም ብለህ ጻፍ፣ ማን ይመለሳል» ይል ነበር። ትኬቱ በተራው ካልተበረረ የዋጋ ልዩነት ልንጠይቅ እንችላለን ብለው ውላቸው ላይ የጻፉ አየር መንገዶች አሉ። እሱ ያንን አያነብም። እሱ ብዙ ነገር አያነብም።

ሴትዮዋ ሐሙስ ከሰዓት መጡ። ገና ሲቀመጡ አንቱ የሚያሰኙ ዓይነት ናቸው። ፓስፖርታቸውን አየሁ፣ የመኖሪያ ፈቃድ አላቸው። የጎብኚ ቪዛ ቢሆን ነገሩ ሌላ ነበር። በጎብኚ ቪዛ ዋን ዌይ ይዘህ ከቀረብክ ቼክ ኢን ላይ ያለው ሠራተኛ ቲማቲክ የሚባለውን የየአገሩ የመግቢያ ደንብ ያለበትን ሲስተም ከፍቶ የአገሩን ደንብ ያያል፣ መመለሻህን ይጠይቅሃል። ተሳፋሪው ድንበር ላይ ከተመለሰ የሚመልሰው ያመጣው አየር መንገድ ነው፣ ብዙ አገር ደግሞ ቅጣትም አለበት። አንዴ አንዱን ደንበኛ እንዲህ ልኬው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከቼክ ኢን ደውሎልኛል። የሰደበኝን አልጽፈውም።

የሴትዮዋ ግን ንጹህ ነው። ደርሶ መልሱን ያዝኩና አትሜ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። ጣታቸው ወረቀቱ ላይ ቀስ እያለ ወረደና አንድ መስመር ላይ ቆመ።

«ይሄ ምንድነው?»

«የመመለሻ በረራ ነው። አይጠቀሙበትም። ዋጋው እንዲቀንስ ነው።»

«ኖቬምበር 14 ይላል።»

«ዝም ብሎ የተጻፈ ቀን ነው።»

«ዝም ብሎ የሚጻፍ ቀን አለ እንዴ?»

መልስ አልነበረኝም።

«ያን ቀን አውሮፕላኑ ይነሳል?»

«ይነሳል።»

«በኔ ስም ወንበር ተይዞ?»

«አዎ። ካልመጡ ኖ ሾው ይሆናል።»

«ምን ይሆናል?»

«አልመጣችም ተብሎ ይመዘገባል።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና ወደኔ ገፋ አደረጉት። «ልጄ፣ እኔ ቤቴን ሸጬ ነው የምሄደው። ኖቬምበር 14 አልመጣችም የሚለኝ ሰው አልፈልግም።»

ሒሳብ አውጥቼ ልዩነቱን አሳየኋቸው። ትንሽ አልነበረም። ካልኩሌተሩን አዩት። «የማን ገንዘብ ነው?» አሉኝ። የእርስዎ አልኩ። «እንግዲያው ቁረጥ።» ቆረጥኩ።

ወንበሩን ከቀኑ በፊት መሰረዝ እንደሚቻልና ያኔ ኖ ሾው የሚባል ነገር እንደማይኖር ትዝ ያለኝ ማታ ጥርሴን ስቦርሽ ነው።

ባልደረባዬ ሲሰማ ሳቀ። መሳቁ ባልከፋ፣ ሳምንቱን ሙሉ ለገባ ለወጣው ያወራ ነበር። «ርካሹ እያለ ውዱን ሸጠላት፣ ቀኑ ቅር አሰኝቷት!» እኔም ከዚያ በኋላ ማንም ምንም ቢለኝ ደርሶ መልስ ብቻ ለመቁረጥ ወሰንኩ።

ውሳኔዬ የቆየው ስልኩ እስኪጮህ ነው። አንድ ልጅ ነበር የደወለው። ከውጭ ነው፣ ሊመለስ ፈልጓል፣ ትኬቱ ደርሶ መልስ መሆኑን በደንብ ያውቃል። የማያውቀው መመለሻው ቀን ተጽፎለት ቀኑ ካለፈ አራት ወር እንደሆነው ነው። የነገረው የለም። ኖ ሾው ሆኗል፣ ከጥቂት የኤርፖርት ታክስ በቀር የሚመለስ ነገር የለውም። ትኬቱን የቆረጠው ማን እንደሆነ አልናገርም። ብቻ ስልኩን ለኔ አቀበለኝና «አንተ አስረዳው፣ ቀን የምታከብረው አንተ ነህ» አለኝ። አስረዳሁት። ልጁ በጣም ጨዋ ነበር፣ እሱ ነው የባሰው። ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር።

ሴትዮዋ የደወሉት ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ነው። ከሄዱ ስምንት ወር ሆኗቸዋል። ድምፃቸውን ስሰማ መጀመሪያ ያየሁት ካላንደሩን ነው፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ያቺን ትኬት ወስደው ቢሆን ኖሮ ቀኗ ገና ነበረች። አፌን መያዝ አቃተኝ።

«ያኔ ደርሶ መልሱን ቢወስዱ ኖሮ ይሄኔ ትኬቱ በእጅዎ ነበር» አልኳቸው።

መስመሩ ላይ ትንሽ ዝም አሉ። የተቀየሙ መሰለኝ።

«ቢኖረኝ ኖሮ፣ ልጄ፣ በሦስተኛው ሳምንት ተመልሼ ነበር» አሉ። «ሻንጣዬን እንኳን አልፈታሁም ነበርኮ። እየዞርኩ አየው ነበር። መመለሻ ትኬት አለመኖሩ ነው የያዘኝ።» ከዚያ ሳቁ።

ምን እንደሚባል አላውቅም ነበርና ወደ ሥራዬ ገባሁ። «ዋን ዌይ ልያዝልዎት?»

«የምን ዋን ዌይ! ደርሶ መልስ ነው እንጂ። ከዚህ የሚነሳ።»

መነሻና መድረሻውን ገለበጥኩት። አውሮፕላኑ ያው፣ ወንበሩ ያው ሆኖ መነሻው ሲቀየር ዋጋው ሌላ ይሆናል። መመለሻ የምላት ያኔ መሄጃ የነበረችው በረራ ሆነች። ግራ ገብቶኝ ሁለት ጊዜ አጠፋሁና እንደገና ጻፍኩ። የመመለሻቸውን ቀን ልጠይቃቸው ስል ቀደሙኝ፣ አስበውበት ኖሯል። ጃንዋሪ 9። መምጫው ላይ ግን አልወሰኑም።

«በኖቬምበር አጋማሽ ይሁን። የትኛው ቀን ይሻላል?»

ሳምንቱን ከፈትኩ። ርካሹ 14 ነበር።

«16» አልኳቸው።