«ደክሞኛል» እና «ይደክመኛል»፦ የሥራ ጫና መጠይቅ ሥራችን፣ ሦስተኛ ዙር

ድሬ ላይ በፈረቃ ሠራተኞች መሃል መጠይቅ ለምትሞሉ ልጆች፣ ከዚህ ዙር የተገኘውን እነሆ።

የስፒልበርገር የጭንቀት መለኪያ (የ1983ቱ ቅጽ) 20 ጥያቄ ለአሁኑ ስሜት፣ 20 ጥያቄ ደግሞ ለጠባይ (ሰውየው ዘወትር ለሚሰማው) አለው። መልሱ ከ1 እስከ 4 ስለሆነ የየክፍሉ ድምር ከ20 እስከ 80 ይሆናል። የአሁኑን ክፍል አስቀድሙ። ምርጫዎቹ ግን አንድ አይደሉም፤ የስሜቱ ክፍል «ምን ያህል» ይላል፣ የጠባዩ ክፍል «በየስንት ጊዜው»። ብዙ የአማርኛ ቅጂ እዚህ ላይ ነው የሚሳተው፤ አንዱን የምርጫ ረድፍ ለሁለቱም ይገለብጣል።

ሁለተኛው ችግር ግሱ ነው። «አሁን በዚህ ሰዓት» የሚለው መመሪያ ከገጹ አናት ላይ አንዴ ብቻ ተጽፏል። ጠያቂው ጮክ ብሎ ሲያነብ ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ማንም አያስታውሰውም። አማርኛ ግን ጊዜውን ግሱ ውስጥ መያዝ ይችላል፦ ለአሁኑ «ተጨንቄያለሁ»፣ «ደክሞኛል»፤ ለጠባይ «እጨነቃለሁ»፣ «ቶሎ ይደክመኛል»። ሁለቱም ክፍል ላይ «እጨነቃለሁ» ካለ አንዱን ነገር ሁለቴ ለካችሁ ማለት ነው። የኦሮምኛውንና የሶማሊኛውን ቅጂ የቋንቋው ተናጋሪ ለብቻው ይየው፤ ከአማርኛው አይተርጉም።

የሚገለበጡ ጥያቄዎች፣ ማለትም ጭንቀትን ሳይሆን እንደ መረጋጋት ያለ ደህና ስሜትን የሚጠይቁት (በስሜቱ 10፣ በጠባዩ 9)፣ ከ5 ላይ መልሱ ተቀንሶ ይገባሉ። «ተረጋግቻለሁ» የሚለውን «አልተረጋጋሁም» ብላችሁ አትቀይሩት፤ «አልተረጋጋሁም፣ በፍጹም» የሚል መልስ ምን ማለት እንደሆነ መላሹም አያውቀውም።

ሰዓቱን ካልመዘገባችሁ የስሜቱ ነጥብ ዋጋ የለውም። ጫት የሚቅም ሰው ከቀትር በፊት ሀራራ ላይ፣ ከሰዓት ምርቃና ላይ ሊሆን ይችላል፤ ያንን «የሥራ ጫና» ብሎ መጻፍ ቀልድ ነው። የፈረቃውን ሰዓት፣ ጫቱን፣ እንቅልፉን፣ ጾሙን በአጭር ጥያቄ ያዙ። የግንቦት ሙቀትም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው።

በሁለት ሳምንት ልዩነት ስትደግሙ የስሜቱ ነጥብ ቢለዋወጥ መለኪያውን አትጣሉት፤ መለዋወጥ ሥራው ነው። የስሜቱን ክፍል አስተማማኝነት በጥያቄዎቹ እርስ በርስ መስማማት (በክሮንባክ አልፋ) እዩ። ድጋሚ ልኬት የሚፈትነው ጠባዩን ነው።

ከስሜት ልኬት የሰውየውን ቋሚ ደረጃ ማውጣት ከፈለጋችሁ ደጋግሙ። ለምሳሌ በሰዎች መካከል ያለው ልዩነት (ቫሪያንስ) 36፣ በአንድ ሰው ውስጥ ከቀን ቀን ያለው 64 ቢሆን፣ የአንድ ቀን ልኬት አስተማማኝነት ከ1 ላይ 0.36 ብቻ ነው (36 ለ36+64 ሲካፈል)፤ ስትደጋግሙ 64ቱ ለቀኑ ብዛት ይካፈላል። የ3 ቀን አማካይ 0.63፣ የ5 ቀን 0.74፣ የ10 ቀን 0.85 ይደርሳል። ከ5 በላይ ለመሄድ ሠራተኛው ይሰለቻል፤ ሲሰለች ደግሞ ከላይ እስከ ታች «2» ያከብባል። እንዲህ ያለውን ወረቀት ለመለየት የሚገለበጡትን ጥያቄዎች ከሌሎቹ ጋር አስተያዩ፤ ሳይገለበጡ ሁሉም እኩል ከሆኑ አልተነበቡም።