የሆድ ግፊትን በሽንት ፊኛ መለካት፦ የሁለት ወር ልምዴ

ሰላም የጽኑ ሕሙማን ክፍል ባልደረቦቼ። የሆድ ውስጥ ግፊት መለካት ከጀመርኩ ሁለት ወር ሞላኝ። እስካሁን የያዝኩትን ላካፍላችሁ።

መነሻዬ አንጀታቸው ተጠማዞ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው አንድ አባት ናቸው። በሁለተኛው ሌሊት ሽንታቸው ቀነሰ። ፈሳሽ ተጨመረላቸው፤ ሽንቱ ግን አልመጣም። ቬንቲሌተሩም (የመተንፈሻ ማሽኑ) ይጮህ ጀመር። ሆዳቸውን ዳበስኩና «ትንሽ ወጠር ብሏል» ብዬ ጻፍኩ። ጠዋት ሲለካ 22 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሆነ። ከ12 ጀምሮ ያለው ካልወረደ ግፊቱ ጨምሯል ይባላል። ከ20 አልፎ ኩላሊት ወይም ሳንባ መዳከም ከጀመረ ደግሞ ጊዜ የሚሰጥ ነገር አይደለም። ግፊቱ የኩላሊታቸውን ደም ሥሮች ተጭኗቸው ነበር። የጨመርነው ፈሳሽ አንጀቱን ይበልጥ አሳበጠው። ኦአር (ቀዶ ሕክምና ክፍል) ገብተው ሆዳቸው ተከፈተና ሳይዘጋ ቆየ። ማታውኑ ሽንታቸው መጣ። እኔ ግን ያቺን «ትንሽ ወጠር ብሏል» አልረሳትም።

ትራንስዲዩሰር (ግፊትን ወደ ሞኒተር የሚያስተላልፍ መሣሪያ) የለንም። የሆድ ግፊት ወደ ፊኛው ስለሚተላለፍ ካቴተር (የሽንት ቱቦ)፣ የግሉኮስ ቱቦና ማስመሪያ ይበቃል። ታማሚው በጀርባው ቀጥ ብሎ ይተኛል። ወደ ሽንት ከረጢቱ የሚወርደውን መስመር እቆልፋለሁ። በንጽሕና 25 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን (የጨው ውሃ) ወደ ፊኛው አስገባለሁ፤ ከዚያ አይበልጥም። ፊኛው እስኪረጋጋ አንድ ደቂቃ ያህል እጠብቃለሁ። ቱቦውን ወደ ላይ ቀጥ አድርጌ ስይዘው ውሃው ከትንፋሽ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ካልተንቀሳቀሰ የሆነ ቦታ ተዘግቷል ማለት ነው። የውሃውን ከፍታ በማስመሪያው የማነበው ትንፋሹ ወጥቶ ሲያልቅ ነው።

መጀመሪያ ሰሞን 20 አነበብኩና ለሐኪሙ 20 ብዬ ደወልኩ። እየሮጠ መጣ። ለካ የኔ 20 የውሃ ሴንቲ ሜትር ነው! ወደ ሜርኩሪ ለመቀየር ለ1.36 ይካፈላል፤ 15 ገደማ መሆኑ ነው። አሁን ቻርቱ ላይ መለኪያውን ሳልጽፍ ቁጥር አልጽፍም።

ሌላ ጊዜ አንዲት እናት 18 ሆኑብኝ። ራስጌያቸው ከፍ ብሏል፤ ሕመሙም እያስጨነቃቸው ሆዳቸውን ይወጥራሉ። ራስጌውን ዝቅ አድርገን፣ ማስታገሻ ሰጥተን ስንለካ 13 ሆነ። ማስታገሻው ራሱ ሕክምና መሆኑን ያየሁት ያኔ ነው። ከጨጓራ ፈሳሽ የሚያወጣው የአፍንጫ ቱቦ በደንብ እንዲወርድ ማድረግም እንደዚሁ። ይህ የእኛ የነርሶች ሥራ ነው፤ አንናቀው።

በዚህ ሳምንት የቸገረኝ ሽፍት ሲቀየር ቁጥሩ መዝለሉ ነው። እኔ 14 ያልኩትን የማታዋ ሲስተር 17 አለችው። አብረን ቆመን ስናየው መነሻ ነጥባችን ተለያይቷል። ዜሮው ከዳሌ አጥንት አናት ላይ፣ ከብብት መሐል በሚወርደው መስመር ነው። እሷ ከአልጋው ጠርዝ ትጀምር ነበር። ቆዳው ላይ በማርከር አንዲት መስቀል አሰመርንበት። ከዚያ ወዲህ በየ4 ሰዓቱ ሁላችንም ከዚያችው መስቀል እንነሳለን።