አልወጣ ያለው ክትፎ

አክስቴ ምግብ ቤት አላት። ትንሽ ናት፣ ስምንት ጠረጴዛ። አስተናጋጆቹ ከሳሎን ወደ ወጥ ቤት «አንድ በያይነቱ! ሁለት ሽሮ!» እያሉ ሲጮኹ ደንበኛው ጆሮውን ይይዛል። እኔ ደግሞ የዌብሳይት ሠራተኛ ነኝ። «አክስቴ፣ ይሄን ጩኸት ላስቀርልሽ» አልኳት። ምነው ያኔ አፌን በያዘኝ!

ነገሩ ቀላል ነው። አስተናጋጁ ስልኩ ላይ ብሮውዘር ከፍቶ ትዕዛዙን ይነካል፤ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ በተሰቀለው አሮጌ ታብሌት ደወል ጮኾ ይወጣል። መሀል ላይ ብሮከር የሚባል አለ። ብሮከር ያው ደላላ ነው። ከአንዱ ይቀበልና «የጠረጴዛዎቹን ወሬ ንገረኝ» ላለው ሁሉ ያደርሳል። ኮሚሽን አለመጠየቁ ብቻ ነው ልዩነቱ። ቋንቋቸው ኤምኪውቲቲ ይባላል። በ1999 እ.ኤ.አ. ሁለት መሐንዲሶች የነዳጅ ቧንቧን በሳተላይት ለመከታተል ብለው ነው የፈጠሩት። እኔ ለሽሮ አዋልኩት።

መጀመሪያ ሁለት ቀን ሙሉ ከብሮውዘር ወደ ደላላው በ1883 ፖርት፣ ማለትም በተለመደው መግቢያ በሩ፣ ልገባ ስታገል ከረምኩ። ለካ ብሮውዘር በዚያ በር አይገባም፤ ዌብሶኬት በሚባል ለብሮውዘር በተሠራ መንገድ ነው የሚሄደው። በሩን ቀየርኩ፣ ሠራ። ለሁለቱ ቀን ማንም አልከፈለኝም።

ሐሙስ ማታ ከቤቴ ሆኜ ለሙከራ «5 ክትፎ ለብለብ፣ ጠረጴዛ 4» ብዬ ላክሁ። ኔትወርክ ቢቋረጥ ትዕዛዝ እንዳይጠፋ ብዬ ሪቴይን የምትባለዋን ነገር አብርቻታለሁ። እሷ ከበራች ደላላው የየጠረጴዛውን የመጨረሻ ትዕዛዝ ይዞ ይቆያል፤ አዲስ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ይነግራል። በራሴ ብልጠት ተደንቄ ተኛሁ።

ዓርብ ጠዋት ታብሌቱ ተከፈተ። ደወል። 5 ክትፎ ለብለብ።

ወጥ ቤቱን የሚመሩት እማማ አማተቡ። «በዓርብ? በጠዋት?» ከዚያ ራሳቸው መለሱ፦ «ፈረንጆች ይሆናሉ።» ለማይጾሙ ደንበኞች የተቀመጠው ሥጋ ከፍሪጅ ወጣ። ቅቤው ቀለጠ፣ ሚጥሚጣው ገባ።

ጠረጴዛ 4 የሽንት ቤቱ በር ሥር ያለችው ናት። ማንም አይቀመጥባትም። አስተናጋጁ አምስቱን ክትፎ ደርድሮ፣ ሰዎቹ ገብተው ይሆናል ብሎ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። ወደ ሃያ ደቂቃ።

ይሄኔ መብራት ሄዶ መጣ። ዋይፋዩ ተነሣ፣ ታብሌቱ ደላላውን እንደ አዲስ ጠየቀ። ደወል። 5 ክትፎ ለብለብ።

«ወደዱት ማለት ነው!» አሉ እማማ።

እኔ ታክሲ ውስጥ ነኝ። አስተናጋጁ ደወለ። «ብሮ፣ ጠረጴዛ 4 ላይ ሰው የለም፤ ግን ያዛል።»

«ሪፍሬሽ አድርገው» አልኩት። ሪፍሬሽ የኛ ሙያ ፓራሲታሞል ናት።

አደረገው። ደወሉ በስልኩ ውስጥ እስከ ታክሲው ተሰማኝ። «ብሮ፣ ደግሞ አምስት አለ።»

ስደርስ አሥሩ ጠረጴዛ 4 ላይ ተደርድሯል፣ አምስቱ እየመጣ ነው። የጠረጴዛ 2 በያይነቱም ተደግሞ ሄዷል፤ ሰውየው ግን ድምፁን አጥፍቶ በልቶታል። ሌሎቹ ጠረጴዛዎች ላይ ሰው ተቀምጦ ባዘዘ ቁጥር አዲሱ የድሮውን ይተካል። ጠረጴዛ 4ን የሚደፍር ስለሌለ የኔ ክትፎ በዙፋኗ ላይ ነች።

አክስቴ የተስማማንበትን ዋጋ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ካልኩሌተር አወጣችና የ15 ክትፎ ዋጋ ቀነሰችበት። ባለዕዳ ሆንኩ። እንዳልበላው ደግሞ እጾማለሁ። ጎረቤት ጋራዥ ያሉ የማይጾሙ ልጆች መጥተው አነሡት፤ እስከ ዛሬ ሲያዩኝ «ሲስተሙ መቼ ነው የሚበላሸው?» ይሉኛል።

መድኃኒቱ አንድ መስመር ነው። ለዚያው ጠረጴዛ፣ ሪቴይን እንደበራች፣ ባዶ መልእክት ትልካለህ፤ ደላላው የያዘውን ይጥላል። እማማ አጠገብ ቆሜ ላክሁ።

ደወሉ ጮኸ። እኔ የረሳሁት፣ ባዶውም መልእክት ቢሆን ለታብሌቱ ይደርሳል። «ጠረጴዛ 4» ይላል፣ ከሥሩ ምንም የለም።

እማማ ቢላዋቸውን አስቀምጠው ስክሪኑን ትኩር ብለው አዩት።

«አሁን ደግሞ ዝም ብለው ነው የጠሩን?»