የክርስትና ስሙን የምታውቁ

የአጎቴ ፎቶ ደሴ፣ አያቴ እምዬ ቤት፣ ከቡፌው በላይ ነበር የተሰቀለው። ሦስት ወጣቶች የበረራ ልብስ ለብሰው አውሮፕላን ክንፍ ሥር ቆመዋል። መሀል ያለው አጎቴ ነው። ፓይለቱ። የመጣ እንግዳ ሁሉ እሱን ያይና «ወይ መልክ!» ብሎ ያልፍ ነበር። ግራና ቀኝ ያሉትን የሚጠይቅ አልነበረም።

አውሮፕላኑ ካንቤራ ነው። የእንግሊዝ ሥሪት፣ ሁለት ጄት ሞተር ያለው ቦምብ ጣይ። አየር ኃይላችን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1968 አራት አስመጥቶ ነበር። የኦጋዴን ጦርነት ሲነሳ የሰው ሁሉ ወሬ ስለ ተዋጊው ጄት ስለ ኤፍ-5 ነው። አይፈረድም፣ የሶማሊያን ሚጎች ያራገፈው እሱ ነው። ኤፍ-5 ላይ ግን ሰውየው ብቻውን ነው። ካንቤራ ሲቀር ሦስት ቤት ያለቅሳል።

አጎቴ ለዕረፍት ከደብረ ዘይት ሲመጣ ነገሩን ለእናቱ ረከቦቱ ላይ በስኒ አስረድቷታል። «እኔ እዚህ ነኝ፣ መስታወቱ ውስጥ። ሰማዩ ሁሉ ይታየኛል። ናቪጌተሩ፣ መንገዱን የሚያሰላልኝ፣ ከኋላዬ ነው፣ ጨለማ ውስጥ፣ ከካርታውና ከእርሳሱ ጋር። ይኸኛው ደግሞ ቦምብ ሊጣል ሲል ወደ አፍንጫው ሾልኮ በሆዱ ይተኛል።» እምዬ ሌላው ሌላው አልገባትም። ጨለማ ውስጥ ያለው ልጅ ግን ገባት። «ታዲያ እዚያ ውስጥ ምን ይቀምሳል?» ብላ ጠየቀችው አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ስትልክ የሱን ለብቻ ትቋጥራለች።

አንድ ነገር አለ፣ ሳልጽፈው ባልፍ ደስ አይለኝም። እምዬ ቦምብ ጣይን የምታውቀው ከታች ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ልጃገረድ ነበረች። ጃንሆይ እዚሁ ደሴ ነበሩ፣ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ሲተኩሱ የተነሱት ፎቶ የዚያን ቀን ነው። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። የሣር ቤቱ ሁሉ ነደደ። እሷ ግን የምታወራው ስለ አንድ ጭልፋ ነው። ወጥ እያማሰለች ሳለ ሮጣ ወጥታ፣ ጦሳ ተራራ ሥር እስክትደርስ ጭልፋው ከእጇ አልወጣም፤ ትኩስ ወጥ ክንዷ ላይ እየፈሰሰ አልተሰማትም። ጠባሳውን እኔም አይቼዋለሁ።

እና የዚች ሴት ልጅ ቦምብ ጣይ ሆነ። አንዴ፣ ቡናው ቶና ላይ ደርሶ፣ «ልጄ፣ ከታች ያለው ሰው ይታይሃል?» አለችው። እናቴ እዚያው ነበረች። አጎቴ ስኒውን አስቀመጠና ጫማውን ማሰር ጀመረ ትላለች። ጫማው ታስሮ ነበር።

ሶማሊያ በ1969 ሐምሌ ወረረች። መስከረም ላይ ጂጂጋ ተያዘች። የካቲት 26 ቀን 1970 ጂጂጋ ነጻ ወጣች ተብሎ አገር ሲጨፍር እኛ ቤት መርዶ ተነግሮ ወር አልሞላውም። እንደ ወጉ በሌሊት ነው የመጡት። ከፊት የቆሙት ጎረቤታችን ሼሁ ነበሩ፣ ከኋላቸው የእምዬ የነፍስ አባት። «ከግዳጅ አልተመለሰም» ነው ቃሉ። ሦስቱም። ሬሳ የለ፣ ሳጥን የለ። ልብሱን ዘርግተው አለቀሱለት። አንዷ አልቃሽ ያወረደችውን እናቴ እስከዛሬ ትለዋለች፦

ሰው ሁሉማ ሲሞት መሬት ይቆፈራል፣
ሰማይ የወሰደው በምን ይቀበራል?

እምዬ ተዝካር አላወጣችም። አስር ዓመት ሙሉ! ሰው አማት። ሬሳ ሳላይ አላወጣም አለች በቃ። በ1980 ከሶማሊያ ጋር ስምምነት ተደርጎ ምርኮኞች ሲመለሱ፣ የኤፍ-5 አብራሪው ጄኔራል ለገሠ ተፈራም አስራ አንድ ዓመት ታስረው ሲመጡ፣ ቤቱን በእበት አስለቀለቀች፣ ጠላ ጠመቀች። ሰው ሲያገኝ ሰው መጠበቁ ምን ይገርማል። ጠላው ሳይጠጣ ሆመጠጠ። ያኔ ነው ቄሱን ጠርታ «አውጡልኝ» ያለችው።

ግን ለሦስቱም ነው ያለችው። በሆዱ የሚተኛው ልጅ ሙስሊም ነበር፣ የሱ ቀላል ሆነ፤ ሼሁ ዱዓ አደረጉለት፣ በየዓመቱም ሰደቃ ታወጣለት ነበር። ለወሎ ሰው ይሄ ወሬም አይደለም። ችግሩ ናቪጌተሩ ላይ መጣ። ቄሱ «የክርስትና ስሙ ማነው?» አሉ። ማን ያውቃል? ወታደር ቤት ማዕረግና የአባት ስም ይመዘግባል እንጂ የክርስትና ስም ምን ይሠራለታል። አጎቴም ቢሆን «ካርታው» ነበር የሚለው። እምዬ ትንሽ አሰበችና «ጨለማ ውስጥ የነበረው ልጅ በሉልኝ፣ እሱ ያውቀዋል» አለች። ቄሱም እንዲያ እያሉ ጸለዩ። እሷ እስክትሞት ድረስ መድኃኔዓለም በሄደች ቁጥር አስደግማዋለች።

እሷ ካረፈች ወዲህ ፎቶው እኔ ጋ ነው። ባለፈው ፍሬሙ ተሰብሮ ላሠራው ሳወጣው ጀርባውን አየሁት። በአጎቴ ጽሕፈት፣ በሰማያዊ ቢክ፣ «እኔ፣ ካርታው፣ ሆዴ» ይላል። ሳቅኩም አለቀስኩም።

በመዝገብ ያለ ስሙ አለኝ፣ ቤተሰቡ ሳይፈቅድ ግን እዚህ አልጽፈውም። ካንቤራ ላይ ናቪጌተር የነበረ፣ በ1970 ያልተመለሰ አጎት ወይ ወንድም ያላችሁ፣ በግራ በኩል የቆመው ቀጭን፣ ፀጉሩን ወደ ጎን ያበጠረው ነው። በውስጥ ጻፉልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅም፣ የክርስትና ስሙን ብቻ።